ውኃ ጎንደር ላይ በስንት ይፈላል? ሳይንቲስት በቪዲዮ ክፍላችን የገባበት ቀን

የቀሃ መምህርት
እሑድ፣ ምሽት 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ባለፈው ሐሙስ ክፍሌ ውስጥ የሆነውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምክርም እፈልጋለሁ።

8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። አንዱ ክፍሌ 62 ልጆች አሉት። ልጆቹ "ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል" የሚለውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል። ረቡዕ ዕለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ድስት ጥደን ለካን። ያለን ቴርሞሜትር አንድ ነው። ውኃው ተንተከተከ፣ ቀዩ መስመር ግን 93 ላይ ቆመ። ንቅንቅ አላለም። አንዷ ልጅ "ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" አለች። ግማሹ ክፍል ተስማማ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን አልነገርኳቸውም። "ነገ የምትጠይቁት ሰው አለ" አልኳቸው።

ሰውዬው የጎንደር ልጅ ነው። ሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ፣ በውኃ ምህንድስና ዶክትሬቱን እየሠራ ነው። በዘመዱ በኩል አግኝቼው ነው እሺ ያለኝ። ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፑን ከተበደርነው ፕሮጀክተር ጋር አገናኘን። መስኮቶቹን በነጠላ ሸፈንን። ሰውዬው ብቅ ሲል ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሟል። እሱም ድስት ጥዷል። ስልኩን ዘቅዘቅ አድርጎ ቴርሞሜትሩን አሳያቸው። 100።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ "ታዲያ የተበላሸው የእሱ ቢሆንስ?" አለ። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። "እንዴት እናውቃለን?" ብሎ መልሶ ጠየቃቸው። እኔ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ሁለት ደቂቃ ያህል ተንጫጩ። ከዚያ አንዷ እጇን አውጥታ "ሁለቱንም በረዶ ውስጥ እንክተታቸው። ዜሮ ያላለው ነው የተበላሸው" አለች።

ይህን ማንም አላስተማራትም። እኔም አላሰብኩትም።

እሱ ወዲያው ከፍሪጁ በረዶ አውጥቶ ከተተው። ዜሮ። የእኛ ትምህርት ቤት በረዶ ከየት ይምጣ? ዓርብ ጠዋት ሁለት ልጆች ከጁስ ቤት ለምነው በፌስታል ይዘው መጡ። ከተትነው። የእኛም ዜሮ። ያኔ ሁለቱም ቴርሞሜትሮች ጤነኛ መሆናቸው ታወቀ። ልዩነቱ የቦታው ነው ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ሰውዬው ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ከቤቱ ሥር ያለውን ቦይ አሳይቷቸው ነበር። የእሱ ከተማ ከባሕር ጠለል ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጎንደር 2,133 ሜትር ላይ ናት። ከእኛ በላይ ያለው የአየር ክምር ያነሰ ስለሆነ ውኃችንን የሚጫነው ግፊት ቀለል ይላል። ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ነው። ስለዚህ ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ ግን ብዙም ሳይሞቅ። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ እየቀነሰ እንደሚሄድ ሲነግራቸው ደብተራቸው ላይ ማካፈል ጀመሩ። 2,133 ለ300፣ 7 ይደርሳል። ከ100 ላይ ሲቀነስ 93። አንዱ ልጅ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ደስታ ነው።

በ28 ደቂቃ ውስጥ ምስሉ ሦስት ጊዜ ተቋርጧል። ቢሆንም ከመስከረም ጀምሮ እንደዚህ ያለ ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እንዲህ ያለውን ነገር በወር አንድ ጊዜ ማድረግ እፈልጋለሁ። ማንን ልጋብዝ? በዚህ ኔትወርክ እንዴት ልዝለቀው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቹ አንድ ቀን አጨብጭበው የሚረሱት ትርዒት እንዳይሆን ምን ላድርግ?

—

የፕላዝማ ልጅ
እሑድ፣ ምሽት 3:02

መምህርት፣ እጅሽ ይባረክ። ግን አንድ ስጋት አለኝ፣ በግልጽ ልናገር።

እኔ በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ገባሁ። ያኔ ፕላዝማ፣ የቴሌቪዥኑ ትምህርት፣ የተጀመረበት ዓመት ነው። ትምህርቱ በሳተላይት በተመሳሳይ ሰዓት ለመላው አገር ይለቀቃል። በእንግሊዝኛ። በሚያስደንቅ ፍጥነት። እኛ ከአማርኛ የመጣን ልጆች የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስንፈታ አስተማሪው አምስተኛው ላይ ደርሷል። "አልገባኝም" ማለት አይቻልም፣ አይሰማችሁማ። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ። የፊዚክስ መምህራችን ጎበዝ ሰው ነበር፣ ግን ጥግ ላይ ቆሞ ከእኛ ጋር ያያል። እኔን ያመመኝ እሱ ነው። አንድ የሚያውቅ ሰው ክፍላችን ውስጥ ቆሞ ዝም እንዲል ተደረገ።

እና ስክሪን ላይ ባለሙያ ሲባል የድሮው ይመጣብኛል። ልጆቹ ሌላ ትልቅ ሰው ሲናገር የሚያዩበት እንዳይሆን።

—

የቀሃ መምህርት
እሑድ፣ ምሽት 3:20

ወንድሜ፣ ያነሳኸው የልቤን ነው። እኔም በፕላዝማ ነው የተማርኩት።

የሐሙሱን ከፕላዝማ የሚለየው ምን እንደሆነ ሳስበው አደርኩ። ሰውዬው ብዙ አልተናገረም። ከ28 ደቂቃው ብዙውን የወሰዱት ልጆቹ ናቸው። ጥያቄው ደግሞ ከእሱ ጋር አልመጣም፣ ረቡዕ ዕለት በእኛ ድስት ውስጥ የተገኘ ነው። 93 ባያዩ ኖሮ 100 ምንም አይነግራቸውም ነበር። ሳያዩት በፊት ጋብዤው ቢሆን ኖሮ ስለ ሆላንድ ብስክሌት ጠይቀውት እንለያይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛው መቋረጥ ሦስት ደቂቃ ቆየ። ጨንቆኝ ነበር። ልጆቹ ግን እርስ በርስ ይከራከሩ ነበር። "ዳሎልስ? ከባሕር በታች ነው አይደል? እዚያ በስንት ይፈላል?" ሰውዬው ሲመለስ እኔን ሳይጠብቁ ጠየቁት። እሱም "እናንተ ምን ትላላችሁ?" አላቸው። "ከ100 በላይ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ልክ ናቸው። በጥቂቱም ቢሆን ያልፋል።

—

ኬብል
እሑድ፣ ምሽት 3:48

ስለ ኔትወርኩ እኔ ልርዳ። ሥራዬ እሱ ነው።

መጀመሪያ ድምፅ። ሁሉም ሰው ስለ ምስል ይጨነቃል። ምስል ቢቆራረጥ ልጆች ይታገሣሉ። ድምፅ ከተቆራረጠ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ ይበተናል። በዙም ድምፅ ብቻ ከሆነ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃዋል። ጥሩ ምስል ለሁለት ሰው ጥሪ ወደ 600 ኪሎቢት ይፈልጋል። ልዩነቱ ዐሥር እጥፍ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ዳታ ስንለውጠው አንድ ሰዓት ሙሉ ምስል 540 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። በድምፅ ብቻ ግን ከ70 ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ባለሙያው የሚያሳየው ነገር ሲኖረው ካሜራውን ይክፈት፣ ሲያወራ ይዝጋ። የእናንተንም ካሜራ ሰላምታ ካላችሁ በኋላ ዝጉት። በነፃው ዙም 40 ደቂቃ አላችሁ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ልክ ነው።

የላፕቶፕ ማይክ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ድምፅ አይሰማም። ጠያቂው ልጅ ወደ ፊት ይምጣና ላፕቶፑ አጠገብ ቆሞ ይጠይቅ። ስፒከሩ ከላፕቶፑ ይራቅ፣ አለበለዚያ ድምፁ እየተመለሰ ያስተጋባል። ላፕቶፑ ከማታ ጀምሮ ሙሉ ቻርጅ ይሁን። ሆትስፖት የምታደርጊበት ስልክ መስኮት ላይ ይቀመጥ። የቢሮ ዋይፋይ ካለ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ቪዲዮ እንዳያይበት ተነጋገሩ።

የመጨረሻ መጠባበቂያ ደግሞ ተራ ስልክ ነው። ሁሉም ነገር ሲጠፋ ደውሉለትና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉት። ድስቱን አስቀድሞ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ልኮላችሁ ከሆነ ትምህርቱ አይቆምም።

አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ሞክሩት። ልጆቹ ሳይገቡ።

—

ደምቢያ
ሰኞ፣ ጠዋት 1:30

እኔ ቆላ ድባ አካባቢ አስተምራለሁ። ከተማ ያላችሁ ስለ ፕሮጀክተር ታወራላችሁ። እኛ ጋ መብራት የለም። ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ ነው። የሆነስ ሆነና ባለፉት ዓመታት ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት ራሱ የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ቪዲዮ ላይ ብቻ የቆመ ነገር እኛን አይጨምርም።

ይህን የምለው በምቀኝነት አይደለም። ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ልጆቼ እምቦጭን ከማንም በላይ ያውቁታል። ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ነው ያደጉት። አባቶቻቸው ጀልባ እየቆመባቸው፣ እነሱም በእጃቸው እየነቀሉ። ስለ እምቦጭ የሚያጠና አንድ ሰው በቴሌግራም አገኘሁ። ልጆቹ ጥያቄያቸውን በድምፅ ቀድተው ጉብታው ላይ ወጥተን ላክን። ማታ መልሱ በድምፅ መጣ። በማግሥቱ 20 ልጅ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተደፍቶ ሰማ። እንደገና ጠየቁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየን።

አንደኛው ጥያቄ "ነቅለን ደረቅ መሬት ላይ ብንጥለው ለምን ተመልሶ ይመጣል?" የሚል ነበር። ሰውዬው መልሶ ጠየቃቸው፦ የት ጣላችሁት? ከውኃው በምን ያህል ርቀት? ዝናብ ሲመጣ ውኃው እስከ የት ይደርሳል? ሄደው በእርምጃ ለኩለት። ከዚያ አንድ ካሬ ሜትር በሲባጎ ከልለው በየሳምንቱ ስንት ተክል እንዳለ ቆጠሩ። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል በጆሯቸው ሰምተው ነበር። እየቆጠሩ ሲያዩት ግን አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ እኛ የምንነቅለው ከዚህ ያንሳል እኮ" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሰውዬው ቁጥሩን ላኩልኝ ብሎ ለራሱ መዝግቦታል። እሱ ያለበት ቦታ ሆኖ ሊቆጥር አይችልማ።

—

የቀሃ መምህርት
ሰኞ፣ ጠዋት 1:52

አያ ደምቢያ፣ እግዜር ይስጥህ። ሲባጎውን ነገ እገዛለሁ። ልጆቻችን ተገናኝተው ቢያወሩ ደስ ይለኛል። የአንተዎቹ ለእኔዎቹ ባለሙያ ሆነው ይቅረቡ። በድምፅ ይሁን ግድ የለም።

—

ከሩቅ ሀገር
ሰኞ፣ ቀን 9:10

አሜሪካ፣ ቺካጎ ነው ያለሁት። ባዮኬሚስት ነኝ። ጎንደርን ከለቀቅኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ከተጋባዡ ወገን ሆኜ ልናገር።

ይህ ሥራ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ሮበርት ባላርድ የሚባለው የባሕር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 የታይታኒክን ስብርባሪ ሲያገኝ ተማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጻፉለት፣ በሚቀጥለው አብረንህ እንሂድ እያሉ። እሱም በ1989 ጄሰን የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረ። ባሕር ውስጥ የሚሆነውን በሳተላይት በቀጥታ ለተማሪዎች ማሳየት ማለት ነው። በ2017 ደግሞ ሳራ ማክአነልቲ የምትባል የስኩዊድ ተመራማሪ ስካይፕ ኤ ሳይንቲስት የሚባለውን አቋቋመች። መምህር ይመዘገባል፣ ሳይንቲስት ይመዘገባል፣ ያገናኟቸዋል። በነፃ ነው። ስሙ የስካይፕ ሆነ እንጂ ስካይፕ ራሱ በ2025 ተዘግቷል፣ በሌላ መተግበሪያ መገናኘት ይቻላል። በእንግሊዝኛ መከታተል ለሚችሉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ይሞከር እላለሁ። ለ8ኛ ክፍል ግን በአማርኛ የሚያወራቸውን ፈልጊ። ብዙ ነን። የሚጠይቀን ጠፍቶ ነው።

እኔ እስካሁን አራት ክፍሎች ውስጥ ገብቻለሁ፣ በሌሎች ከተሞች። ሁለቱ ጥሩ ነበሩ፣ ሁለቱ አልተሳኩም። ያልተሳኩት ላይ ትምህርት ቤቱ ትልቅ አቀባበል አዘጋጅቶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ዐሥር ደቂቃ ስለ እኔ ተናገሩ። ከዚያ "ለወጣቶች ምክር ይለግሱልን" ተባልኩ። ምን ልበል? በርቱ አልኩ። ተጨበጨበ። አለቀ። ጥሩ በሆነው ላይ መምህሩ ከሦስት ቀን በፊት የልጆቹን 12 ጥያቄዎች ላከልኝ። አንዱ "ሙከራህ ሲበላሽ ምን ታደርጋለህ?" የሚል ነበር። ስምንት ወር የሠራሁበት ናሙና ፍሪጅ ተበላሽቶ የጠፋበትን ቀን ነገርኳቸው። አልቅሼ እንደነበር ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ማቆም አልተቻለም።

ስለዚህ እህቴ፣ ጥያቄዎቹን ቀድመሽ ላኪ። ንግግር አታስደርጊን። አንድ የሚዳሰስ ነገር በእጃችን ይዘን እንድንቀርብ አዘዢን። "አላውቅም" ስንል ደግሞ ልጆቹ ይስሙ፣ አትሸፍኚልን።

አሁን ስለ ሰዓት። ይህ ቀላል መስሎ ሰው ያሳዝናል። የእኛን ሰዓት ሌላው ዓለም አያውቀውም። "ነገ 4 ሰዓት" ብለሽ ብትጽፊ ፈረንጅ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ሁልጊዜ "ጠዋት 4 ሰዓት፣ በእናንተ አቆጣጠር 10:00፣ የአዲስ አበባ ሰዓት" ብለሽ ጻፊ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር። እኛ ጋ ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይራሉ። ዴልፍት ከእናንተ በክረምታቸው ሁለት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው። እኔ በክረምት ዘጠኝ ሰዓት ወደኋላ ነኝ። የጠዋት ፈረቃ ላይ ብትጠሪኝ ለእኔ እኩለ ሌሊት ነው። የከሰዓት ፈረቃ ካለሽ ግን፣ በእናንተ 10 ሰዓት፣ ቡናዬን ይዤ እቀመጣለሁ።

—

የቀሃ መምህርት
ሰኞ፣ ምሽት 1:05

ስለ ሰዓቱ የተናገርከው ኅዳር ላይ ደርሶብኛል። መጀመሪያ የጋበዝኳት ሴት ሳይንቲስት ውጭ አገር ተወልዳ ያደገች ናት። "4:00" ብዬ ብቻ ጻፍኩላት። ልጆቹ ባዶ ስክሪን ፊት 40 ደቂቃ ተቀመጡ። እሷ ከስድስት ሰዓት በኋላ ገብታ ስትጠብቀን ነበር፣ ልጆቹ ቤታቸው ሄደዋል። ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጆቹን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን የበለጠ ከብዶኛል። አንዳንዶቹ ጸጉራቸውን ተሠርተው ነው የመጡት።

የከሰዓት ፈረቃ አለኝ። ቡናህን አዘጋጅ።

—

እናት ከልደታ
ሰኞ፣ ምሽት 2:30

ልጄ እዚያ ክፍል ውስጥ ናት። ሐሙስ ማታ ምስር ልጥድ ስል "እማ፣ ይሄ ውኃ 93 ነው እኮ፣ ለዚህ ነው የሚቆየው" አለችኝ። እናቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ወገራ ስንሄድ "ደጋ ላይ ባቄላ አይበስልም" ትል ነበር። ነገሩ ይህ ነው ለካ። ለልጄ ይህን ስነግራት ደብተሯ ላይ ጻፈችው። የአያቷን ቃል ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አንድ ነገር ግን እለምናለሁ መምህርት። ክፍሉን ቪዲዮ ቀድቶ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ አይጠፋም። የልጆች ፊት ያለ ወላጅ ፈቃድ አይውጣ። ሴት ልጅ ያለው ሰው ይገባዋል። ተጋባዡም ከልጆቹ ጋር በግል ስልክ አይለዋወጥ፣ ሁሉም በእርስዎ በኩል ይሁን።

—

የቀሃ መምህርት
ሰኞ፣ ምሽት 2:41

እሜቴ፣ ሁለቱንም እፈጽማለሁ። አልተቀዳም። ከሚቀጥለው ጀምሮ ለወላጆች ወረቀት እልካለሁ። ስልክ የሚባል ነገር የለም፣ በእኔ በኩል ብቻ ነው።

—

ከላብራቶሪ
ማክሰኞ፣ ቀን 6:20

እስካሁን ሁላችሁም ባለሙያን ከውጭ ነው የምትፈልጉት። እኔ የምሠራው እዚሁ ጎንደር ነው፣ ካላዛር በሚባለው በሽታ ላይ። ከመምህርቷ ትምህርት ቤት በባጃጅ ሃያ ደቂቃ እሆናለሁ።

ታዲያ ቀርበሽ ለምን በአካል አትሄጂም ትሉኝ ይሆናል። ብችል እመጣለሁ። ግን የማሳያቸው ነገር እዚህ ነው ያለው። 62 ልጅ ጥገኛ ተሕዋስያን ያሉበት ክፍል ማስገባት አልችልም። ማይክሮስኮፑንም ተሸክሜ አልወጣም። ስልኬን በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ባስቀምጠው ግን እኔ የማየውን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዩታል። በአካል ቢመጡም እንዲህ አይሆንላቸውም፣ በአንድ ዓይን ላይ ተራ ሲጠብቁ ቀኑ ያልቅባቸዋል።

ባለሙያ ወደ ሕዝቡ መውጣት ጎንደር ላይ የቆየ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ያስተማራቸው የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች ሥራቸው ገጠር ለገጠር ነበር። እኛ ዛሬ በስልክ ብንወጣ የእነሱን ነው የምንቀጥለው።

ምን እንደማሳያቸው ልንገራችሁ። ቀለም የተቀባ አንድ ስላይድ አለኝ። 1,000 ጊዜ ሲጎላ የካላዛር ተሕዋስ በሰው ሴል ውስጥ ተሰብስቦ ይታያል። ነጠብጣብ፣ ሐምራዊ፣ እንደ ተፈጨ ኑግ። ከዚያ ደግሞ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለች። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች። ክንፎቿን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ነው የምታርፈው። በዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች፣ ማታ ትወጣለች። ልጆቹ የሚያውቋቸው ሰዎች ሰሊጥ ለመሰብሰብ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ማታ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ከዚያ ትኩሳቱ፣ መክሳቱ፣ የጣፊያ ማበጡ ይመጣል። ካልታከመ ይገድላል። በጊዜ ከመጣ ይታከማል።

መምህርት፣ አንድ ነገር አስቢበት። ከ62 ልጅ ውስጥ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ የታመመበት ሊኖር ይችላል። ጥያቄ ሲሰበሰብ በወረቀት፣ ያለ ስም ይሁን። ሁሉም ሰው ፊት ለመጠየቅ የሚከብድ ነገር አለ።

—

ጃንተከል
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:15

ከላብራቶሪ የጻፈችውን ሳነብ እንዶድ ትዝ አለኝ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። "ለምን እዚህ ብቻ ሞቱ?" ብሎ ጠየቀ። እንዶድ በየቤቱ ያለ ነው። ስንቱ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል። የዚህችም ልጅ የበረዶ ሐሳብ የዚያ ዘመድ ነው።

ለሴቶቹ ደግሞ ስለ ፕሮፌሰር ሰገነት ቀለሙ ይነገራቸው። ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆነች። ናይሮቢ ያለውን ትልቁን የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርታለች። በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሪያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ወስዳለች። ፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም። የሚያውቁት አገር ስም ነው።

—

የፕላዝማ ልጅ
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:40

ስጋቴን አንስቻለሁ። ዳታው በወር በእኔ ይሁን። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

—

የቀሃ መምህርት
ዓርብ፣ ምሽት 2:00

ያለሁበትን ልንገራችሁ።

የላብራቶሪዋ እህታችን በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ትገባለች። አዎ፣ 10:00። ትናንት ለሙከራ ስልኳን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። እጇ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይዋልላል፣ ስለዚህ ስልኩን በላስቲክ አሰረችው። ሠራ።

ጥያቄዎቹን በካርቶን ሣጥን ሰበሰብኩ፣ ያለ ስም። ከ62 ልጆች 71 ወረቀት። ስለ ዝንቧ ነው ብዙው። "ለምን ማታ ብቻ?" "ውሻንስ ትነክሳለች?" "አጎበር ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ ትገባለች?" አንዱ ወረቀት ላይ፣ በጣም በትንሽ ጽሑፍ፣ "ወንድሜ ሁመራ ነው። ስልክ አያነሳም። ትኩሳት ካለው ማን ይነግረዋል?" ይላል። ይህን ለብቻው ልኬላታለሁ። ስልክ ቁጥር ሰጥታኛለች፣ ለልጁ የማደርስበትን መንገድ እየፈለግኩ ነው። ስሙን ስለማላውቅ ለክፍሉ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

ውኃው ደግሞ አላለቀም። አዘዞ የምትኖር ልጅ ቴርሞሜትሩን ለአንድ ቀን አስፈቅዳኝ ወሰደች። በጋዜጣ ጠቅልላ። አዘዞ ከእኛ ዝቅ ይላል። 93 ካለበት መስመር በጥቂቱ ከፍ አለ ብላ መጣች። ግማሽ ዲግሪ አይሞላም፣ ግን ሦስት ጊዜ ለክታ ሦስቱንም ጽፋዋለች። አሁን ክፍሉ ራስ ዳሽንን አስልቶታል። 4,550 ሜትር፣ ለ300፣ 15 ከምናምን። ስለዚህ 85 አካባቢ። "ግን ማን ለካው?" ይሉኛል። ስሌቱ ብቻ አይበቃቸውም።

—

የደባርቅ አስጎብኚ
ዓርብ፣ ምሽት 3:25

መምህርት፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ሰሜን ተራሮች ላይ እንግዳ ይዤ እወጣለሁ። ጨነቅ ስናድር ምስር ለመቀቀል ያለብንን ፍዳ እኔ ነኝ የማውቀው። ወጥ ሠሪያችን ማታ ዘፍዝፎ ነው የሚያድረው። ሩዙም ላዩ በስሎ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ብርዱ ነው ስንል ነበር።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ዳሽን የሚወጡ እንግዶች አሉኝ። ቴርሞሜትር ላኩልኝ። ሳንቃበር ላይ እለካለሁ፣ ጨነቅ ላይ እለካለሁ፣ ጫፉ ላይ ትንሿን ምድጃ ይዤ ወጥቼ እለካለሁ። እዚያ ኔትወርክ አይታመንም። ቪዲዮውን እቀዳለሁ። ደባርቅ ስመለስ በቀጥታ ገብቼ ልጆቹ ይጠይቁኝ።

ቴርሞሜትሩ እንዳይሰበር በጥጥ ጠቅልሉት።

—

የቀሃ መምህርት
ዓርብ፣ ምሽት 3:31

እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው የደባርቅ ሚኒባስ ይመጣል። ልጆቹ በረዶ ውስጥ ከተው ዜሮ ማለቱን ካዩ በኋላ።